እናቲቱ ያረፈችበት ውኃ

ሌሲኤሊ የሰውየውን ቁርጭምጭሚት በሁለት እጇ ጨምድዳ ወደ ላይ ጎተተችው። ዋረን ተወራጨ። የእግሩ መቅዘፊያ ትከሻዋን ቢመታትም አልለቀቀችውም። ከእነሱ በታች፣ ሰማያዊው ውኃ መጥቆር በሚጀምርበት ጥልቀት፣ እናቲቱ ዓሣ ነባሪ ተጋድማ አርፋለች። ግልገሏ ለመተንፈስ ከአገጯ ስር ወጥቶ ወደ ላይ እየመጣ ነበር፤ ዋረን ደግሞ በረጅም ዘንግ ጫፍ የታሰረ ካሜራውን ይዞ መንገዱ ላይ ገብቷል። ባዶ እጁን ዘረጋ። ጣቶቹ የግልገሉን ጎን ገበያ እንደቀረበ በሬ ሲዳብሱት ሌሲኤሊ በመነጽሯ አየች።

ግልገሉ ተኮማተረ። አየር ሳይስብ ተጠማዝዞ ወደመጣበት ወረደ። እናቲቱም ወዲያው ተነሣች። ሌሎቹ ሦስት እንግዶች ፊታቸውን ውኃ ውስጥ ደፍተው በተነገራቸው ቦታ ተንሳፍፈዋል፤ ረጅሙ ነጭ ክንፏ ወደ እነሱ ሲመጣ አንዳቸውም ፈቀቅ ለማለት ጊዜ አላገኙም። እናቲቱ ግን የክንፏን ጫፍ አጠፍ አድርጋ በላያቸው አሳለፈችው። የተኛ ሕፃን ላይ ክንዷን የምታሻግር ሴት ነበር የምትመስለው። ከዚያ እናትና ልጅ ጠፉ። የቀረው አረፋና ሌሲኤሊ አፍ ውስጥ የገባው የፀሐይ ቅባት ጣዕም ብቻ ነው።

ከውኃው ብቅ ብላ ቡጢዋን ወደ ላይ አነሣች። ጀልባዋ መጥታ እንድትወስዳቸው ምልክቱ ይህ ነው። ዋረን አጠገቧ ብቅ አለና የመተንፈሻ ቱቦውን ከአፉ አወጣ።

"አየሽው አይደል?" አላት፤ ፊቱ በደስታ ቀልቷል። "ዓይኔን አይቶ ነው የመጣው።"

"መጥለቅ ክልክል ነው ብዬሃለሁ።"

"አልጠለቅኩም። ትንሽ ነው ዝቅ ያልኩት።"

"ነካኸው።"

"እኔ አልነካሁትም፤ እሱ ነው የነካኝ። ልዩነት አለው።" እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። "ጋበዘኝ፣ ሌሲኤሊ። እንዲህ ያለው ነገር ሲሰማ ይታወቃል።"

ጠዋት ከደሴቲቱ ከተማ ከኔያፉ ወደብ ሲወጡ ከዓሣ ነባሪ ጋር የመዋኛ ደንቡን ለሌሎቹ ያስረዳው ይኸው ሰው ነው። እሷ ገና መናገር ስትጀምር ቀበል አድርጎ፣ እንደ ሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪ ጣቱን እያነሣ፣ ከአራት ሰው በላይ እንደማይገባ፣ ውኃ ውስጥ ዘለው ሳይሆን ተንሸራተው እንደሚገቡ፣ ከአስጎብኚዋ ከሌሲኤሊ አጠገብ እንደማይርቁ፣ በእናትና በልጅ መካከል ፈጽሞ እንደማይገባ ዘረዘረላቸው። ከሲንጋፖር የመጡት ወጣት ባልና ሚስት አፋቸውን ከፍተው ሰሙት። የዋረን ሚስት ጌይል ግን የባሕሩን ወዲያኛው ጫፍ ታይ ነበር። ይህን ንግግር ብዙ ጊዜ የሰማች ሴት መሆኗ ያስታውቃል።

መሰላሉን ወጥተው ጀልባዋ ላይ ሲቀመጡ ውኃው ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ የቅባት ንጣፍ ተንሳፍፎ ቀረ። ከአራት ሰው ገላ የታጠበ ነው። ጌይል በጀልባዋ ጎን ጎንበስ ብላ ቁርሷን እዚያው ላይ አስመለሰች። ሌሲኤሊ ጀርባዋን ይዛ ውኃ አቀበለቻት።

"ይቅርታ፤" አለች ጌይል፣ አፏን እየጠረገች። "ቆሻሻ ነገር ነው።"

"ይህ ቆሻሻ አይደለም፤" አለቻት ሌሲኤሊ።

ከዚያ ቀና ብላ ለሁሉም ተናገረች። "ለዛሬ ከእነዚህ ጋር መዋኘት አብቅቷል። ግልገሉ ደንግጧል፣ ሳይተነፍስ ነው የተመለሰው። ከጀልባዋ ላይ ሆነን ሌሎችን እናያለን።"

የሲንጋፖሮቹ አንገታቸውን ነቀነቁ። ዋረን አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር። ፈገግ ብሎ ቦርሳውን ከፈተ፤ ስልኩን ከላስቲክ ከረጢቱ አውጥቶ መርከበኛ ሳይሞኔ ወደቆመበት መሪ አጠገብ ሄደ። የሁንጋ ደሴት ቅርብ ስለሆነ ኔትወርክ ይሠራል።

"ናኒ፣ የኔ ቆንጆ፤" ሲል ተሰማ። "ትንሽ ችግር ገጥሞናል።"

የጀልባዋ ባለቤት አክስት ናኒሴ ናቸው። የሌሲኤሊ የአባቷ እህት። በእነሱ ልማድ የአባት እህት ፊት ቆመው አይከራከሩም፣ ጀርባ ሰጥተው አይሄዱም፤ ከበላችበት ሳህን አይበሉም። አባቷ ሲሞት ሬሳው ራስጌ የተቀመጡት ናኒሴ ናቸው፣ ሌሲኤሊን አሠልጥነው ጀልባ ላይ ያስቀመጡት ናኒሴ ናቸው፣ ሌሲኤሊም ልጅ ስትወልድ ስማቸውን ሰጥታታለች። ኔያፉ ውስጥ ማንም ሰው፣ ካህኑም ጭምር፣ "ናኒ" ብሎ አይጠራቸውም።

ዋረን ስልኩን አቀበላት። ስልኩ በቅባት ሙልጭልጭ ይላል።

"ሌሲኤሊ፣ ልጄ፤" አሉ ናኒሴ። ድምፃቸው ሁልጊዜ የሚያዘምሩ ሰው ድምፅ ነው፤ ሞልቶ ይወጣል። "ምን ብለሽው ነው ሰውየው ቅር ያለው?"

"ግልገሉን ነካው፣ አክስቴ። ጠልቆ ሄዶ ነው የነካው።"

"ነካ። እና ምን ሆነ፣ ሞተ?"

"ሳይተነፍስ ተመለሰ።"

"አንቺ እየተነፈስሽ ነው አይደል? ልጅሽም ትተነፍሳለች። ሳይሞኔም፣ የሳይሞኔ ሰባት ልጆችም። እኔ የማስበው ለእነሱ ትንፋሽ ነው። ይህ ሰው በየዓመቱ ሰው ሰብስቦ የሚያመጣልን ሰው ነው።"

"እናቲቱ ደክሟታል። እዚህ የምትበላው የላትም፤ ባላት ስብ ነው የምታጠባው። ዛሬ ጠዋት እንኳ ከእኛ በፊት ሁለት ጀልባ..."

"እኔ ስለ ዓሣ አስተምሪኝ አልኩሽ?" አሉ ናኒሴ፣ ድምፃቸውን ሳይጨምሩ። "ይቅርታ ጠይቂው። ምሳ ብሉ። ከዚያ መልሰሽ አስገቢያቸው።"

ሌሲኤሊ ዓይኗን ጨፈነች።

"እሺ፣ አክስቴ፤" አለች።

ስልኩን መለሰችለት። ዋረን አጠገቧ ቆሞ ነበር የሰማው፤ ቶንግኛ ባይገባውም ውጤቱን ከፊቷ አንብቧል።

"ይቅርታ፤" አለችው።

"ምንም አይደል። ስሜትሽ ይገባኛል።" እጁን ትከሻዋ ላይ አደረገ። "ሁለታችንም የምንወደው አንድ ነገር ነው።"

እጁ ሞቃትና ዝልግልግ ነበር። ሲያነሣው በልብሷ ላይ ነጭ የጣት ምልክት ተወ። ሌሲኤሊ ወደ ጀልባዋ ኋላ ሄዳ በባሕር ውኃ ታጠበችው። አልጠፋ አላት፤ እንደገና አሸችው። ስለ ሰውየው ብቻ አልነበረም። ከአፏ የወጣው ይቅርታ እንደተበላሸ ወተት ምላሷ ላይ ቀርቷል።

ሳይሞኔ ሞተሩን አጥፍቶ መጣና አጠገቧ ቁጢጥ አለ። የሃምሳ ዓመት ሰው ነው፤ ትናንት ማታ ካቫ የተባለውን የሥር መጠጥ ሲጠጣ ስላመሸ ዓይኑ ቀልቷል።

"አሁን ነካው ብለሽ ታለቅሺያለሽ?" አላት።

"ማን አለቀሰ?"

"እኔማ ብታለቅሺ አልፈርድብሽም። እዪ ወዲያ።"

አየች። እናቲቱ ከነልጇ እምብዛም ሳትርቅ ብቅ ብላ ነበር፤ ሌላ ጀልባ ደግሞ ከወዲሁ ሰዎቹን አውርዷል። ከእሱ በስተኋላ ሁለት ጀልባዎች ሞተራቸውን ቀስ አድርገው ተራ ይጠብቃሉ። ራዲዮው ላይ "ከአንተ ቀጥሎ እኔ ነኝ" "አይደለም፣ ቀድሜ ነው የተናገርኩት" ይባባላሉ፤ ዳቦ ቤት በር ላይ የተሰለፉ ይመስላሉ። ደንቡ አንድ ጀልባ በአንድ ጊዜ ይላል፤ ሁሉም ይህን ያከብራል። ከአንዱ ጀልባ በኋላ እንስሳዋ ረዘም ላለ ጊዜ ትረፍ የሚለውን ግን ያነበበ ሰው ያለ አይመስልም።

"አያቴ በጦር ነበር የሚወጋቸው፤" አለ ሳይሞኔ። "ገና ትንሽ ልጅ ሆኜ አይቻለሁ፤ ውኃው ቀልቶ፣ ሰው ሁሉ ቢላዋ ይዞ ዳር ቆሞ። አስቀያሚ ነበር። ግን አያቴ አንዴ ወግቶ ይጨርሳል። እኛ በየቀኑ ነው የምንወጋት፤ ከዚያ ደግሞ ነገ ተመለሺ እንላታለን።"

"ታዲያ ለምን ትነዳለህ?"

"አንቺ ለምን ይቅርታ ጠየቅሽ?"

ሳይሞኔ ምሳውን ፈታ። በኮኮናት ወተት የበሰለ የጎደሬ ቅጠል ነው፤ ሥጋ ገብቶበታል። ለእሷም ቆርሶ ሰጣት። አልበላችም።

እንግዶቹ ከፊት ተቀምጠው ሳንድዊች ይበላሉ። ዋረን ለሲንጋፖሮቹ የካሜራውን ትንሽ መስኮት እያሳየ ነበር። ወጣቱ ባል በጨዋነት ጎንበስ ብሎ ያያል፤ ሚስቱ ግን አንዴ አይታ ፊቷን አዞረች። በዚህ መሐል እናቲቱ ከጀልባዋ ብዙም ሳትርቅ ወጥታ ተነፈሰች። እንፋሎቱ በነፋሱ ታግዞ በላያቸው አለፈ። ከባድ ሽታ ነው፤ የከረመ ዓሣና የበሰበሰ ጎመን ይመስላል። ዋረን አፍንጫውን ይዞ ሳቀ።

"ይህን ደግሞ ፎቶ ማንሣት አይቻልም፤" አለ።

ሌሲኤሊ ሽታውን ሳበችው። ከሴት ልጇ አፍ የሚወጣው የጠዋት ትንፋሽም ጣፋጭ አይደለም። እሷ ያየችው ግን ሌላ ነገር ነው፦ እናቲቱ ስትተነፍስ ግልገሉ ከጎኗ አልነበረም፣ ጀርባዋ ላይ ነበር። ልጇን ተሸክማ ከውኃው በላይ ይዛው ነበር።

ተራቸው ሲደርስ ሌሲኤሊ መቅዘፊያዋን አጠለቀች። ሳይሞኔ ከመሪው ላይ ሆኖ አያት። ያለ አስጎብኚ ማንም እንግዳ ውኃ ውስጥ አይገባም። እሷ "አልገባም" ካለች ጉዳዩ እዚያው ያበቃል፤ ይህን ሁለቱም ያውቃሉ። የእናቲቱ ጅራት ከውኃው ስር ወዲያና ወዲህ ሲል ይታያል። ያረፈ እንስሳ ጅራት እንዲህ አይደለም። ሌሲኤሊ ይህን አየች፤ ስለ አክስቷ አሰበች፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ አብረው ስለሚቀመጡበት ምንጣፍ አሰበች፤ ከዚያም "ተንሸራታችሁ ግቡ፣ ውኃ አታንቦጫርቁ" አለቻቸው።

ዋረንን ከጎኗ አድርጋ ክንዱን ያዘች። ጌይል በወዲያኛው ጫፍ ነበረች፤ ባሏ የካሜራውን ዘንግ ለእሷ ሰጥቷታል። ለጊዜው ሁሉም ጸጥ ብለው ተንሳፈፉ። ግልገሉ እናቱን ተንተርሶ ቀስ እያለ ወደ ላይ መጣ፤ ሲዋኝ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። አንዴ ተነፈሰ። ሌሲኤሊ ሌላ አንድ ትንፋሽ ብቻ ይሳብ፣ ከዚያ አወጣቸዋለሁ ብላ አሰበች።

ዋረን ለሚስቱ በጣቱ ምልክት ሰጣት፤ መጀመሪያ ወደ ካሜራው፣ ቀጥሎ ወደ ራሱ። ከዚያ ክንዱን አጠማዘዘ። ሌሲኤሊ አጥብቃ ይዛው ነበር፤ ቅባቱ ግን አሟለጨው፣ እንደ ሳሙና ከእጇ ወጣ። እግሩን አንዴ፣ ሁለቴ መትቶ በእናቲቱና በግልገሉ መካከል ገባ። ጌይል ዘንጉን ወደፊት ዘርግታ ተከተለችው። መዋኘት እንኳ በቅጡ አትችልም፤ የታዘዘችውን ልታደርግ ነው የሄደችው።

እናቲቱ በዚህ ጊዜ ክንፏን አላጠፈችም። ግዙፉ ሰውነቷ ባለበት ዞረ፤ ሌሲኤሊ ከዓይኗ አጠገብ ያለውን ጠባሳ ሳይቀር አየችው። ጅራቷ ወደ ጎን ተወረወረ። ዋረን በውኃው ግፊት ተገለባበጠ እንጂ አልተነካም። ሌሲኤሊ በውኃው ውስጥ አንድ ድምፅ ሰማች፤ ሴቶች ባሕር ዳር እርጥብ ምንጣፍ ድንጋይ ላይ ሲመቱ የሚሰማው ዓይነት ድፍን ድምፅ። ጌይል በግራ ጎኗ ታጠፈች። ዘንጉ ከእጇ ወጥቶ ተንሳፈፈ።

ሳይሞኔ ቡጢዋን እስክታነሣ አልጠበቀም። ጀልባዋን አምጥቶ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ከነልብሱ ዘሎ ገባ። ጌይልን ከታች እየደገፉ፣ ሲንጋፖሮቹ ከላይ እየሳቡ አወጧት። ከጀልባዋ ወለል ላይ አጋደሟት። ቀኝ እጇ ግራ ጎኗን ይዟል። አላለቀሰችም።

"ትንሽ ነው፤" አለች። "ትንሽ ነው የመታኝ። አይዟችሁ።"

ዋረን መጨረሻ ላይ ወጣ። ካሜራውን ዋኝቶ አምጥቶት ነበር። ሚስቱ አጠገብ ተቀምጦ አንድ እጁን ጉልበቷ ላይ አደረገና "ደህና ነሽ፣ ውዴ?" አላት፤ እሷም "ደህና ነኝ" አለችው። ጀልባዋ አፍንጫዋን ወደ ኔያፉ ስታዞር አሁንም እጁ ጉልበቷ ላይ ነበር። ሌላው እጁ ግን የካሜራውን ቁልፍ ይጫናል። ወደፊት፣ ወደኋላ፣ እንደገና ወደፊት።

"እግዚአብሔር ያሳያችሁ፤" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ዓይኑን ከካሜራው ሳያነሣ። "ቀርጸሽዋል። ጅራቱ ሲመጣ፣ ሙሉ በሙሉ ቀርጸሽዋል።"

ጌይል ፈገግ ለማለት ሞከረች። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። ሌሲኤሊ ተነሥታ ካሜራውን ከእጁ ወስዳ ወደ ባሕር ልትወረውረው አሰበች። አልወረወረችውም። ይህን ሰው ውኃ ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ ብላ አሰበች፤ ግቡ ያልኩት በገዛ አፌ ነው። ፎጣ አምጥታ ጌይልን ሸፈነቻት፤ ሲንጋፖራዊቷ ደግሞ ያለማንም ትእዛዝ ጭንቅላቷን ጭኗ ላይ አስደግፋ እስከ ወደቡ ያዘችላት።

ሳይሞኔ ደውሎ ስለነበር ናኒሴ ወደቡ ላይ ቆመው ጠበቋቸው። ከመዘምራን ልምምድ ነው የመጡት፤ ወገባቸው ላይ እንደ አገሩ ወግ ለክብር የሚታጠቁትን ምንጣፍ ታጥቀዋል። የተዋሱትን መኪና በሩን አስከፍተው አስቀምጠዋል። ጌይልን ሲያዩ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ የውሸት እንባ አልነበረም።

"ያን መሰላል አስጠግን ብዬ ስንት ጊዜ ነገርኩህ?" አሉት ሳይሞኔን፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። "የሚያንሸራትት መሰላል ነው። እኔ ራሴ ባለፈው ልወድቅ ነበር።"

ሳይሞኔ አቀረቀረ። መሰላሉ አዲስ ነው። ባለፈው ወር ነው የተገዛው።

"መሰላሉ፤" አለ በመጨረሻ።

ናኒሴ ወደ ዋረን ዞረው በእንግሊዝኛ ደገሙለት። ዋረን አንዴ ካሜራውን አየ፣ አንዴ ሚስቱን።

"አዎ፤" አለ። "መሰላሉ ነው። እግሯን አዳለጣት።"

ጌይል ዓይኗን ጨፍና ነበር።

መኪናው ውስጥ ሲያስገቧት ናኒሴ የሌሲኤሊን ክንድ ይዘው ወደ ኋላ አስቀሯት።

"ዋሺ አላልኩሽም፤" አሉ ቀስ ብለው። "አንቺን ውሸት አላስተማርኩሽም። ዝም ትያለሽ፤ ይኸው ነው። ይህ ነገር የጀልባ ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ ከደረሰ ፈቃዱ ይያዛል፣ ያ ሁሉ ቤተሰብ ይበተናል። እንስሳዋም ገዳይ ትባላለች። ለእሷም ቢሆን ዝም ማለትሽ ይሻላታል።"

"ግን በጣም ነጥታለች፣ አክስቴ።"

"ፈረንጅ ናት፤ ነጭ ናት። ነይ ግቢ።"

ሆስፒታሉ ኮረብታው ላይ ነው። ነርሷ ሎሴ ትባላለች፤ ከናኒሴ ጋር በአንድ መዘምራን ትዘምራለች፤ ስታያቸው ከወንበሯ ተነሥታ ቦታ ለቀቀችላቸው። ናኒሴ ተቀመጡ። ሌሲኤሊ እንደሚገባት እግሯን አጥፋ ወለሉ ላይ፣ አክስቷ እግር አጠገብ ተቀመጠች። የመዋኛ ልብሷ አሁንም ያንጠባጥባል። ዋረን ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

"ምን አገኛት?" ጠየቀች ሎሴ፣ የጌይልን ልብስ እየገለጠች።

"መሰላል ላይ አዳልጧት ነው፤" አሉ ናኒሴ።

"ከከፍታ ነው የወደቀችው?"

"ከአንድ እርምጃ። የመሰላሉ ጠርዝ መታት።"

ሎሴ ጎኗን አየች። ቀይ ምልክት አለ፤ ሰፊ ነው፣ ግን ገና አልጠቆረም። የጎድን አጥንቷን ቀስ ብላ ነካ ነካ አደረገች። "ጠርዝ ከሆነ ከባድ አይደለም። አንድ ሁለት አጥንት ተሰንጥቆ ይሆናል። ማስታገሻ እሰጣታለሁ፤ ሆቴሏ ሄዳ ትተኛ፤ ሰኞ ትመለስ።"

"አመሰግናለሁ፣ የኔ ልጅ፤" አሉ ናኒሴ።

"ትከሻዬን፤" አለች ጌይል፣ ዓይኗን ሳትከፍት። "ትከሻዬን ያመኛል። ግራውን።"

"ስትወድቂ ተመትቶ ይሆናል፤" አላት ዋረን ከግድግዳው ጋ። "እንቅልፍ ያስፈልግሻል።"

ሌሲኤሊ ቀና ብላ አየቻት። ትከሻዋን ምንም አልነካትም። አጠገቧ ነበረች፤ አይታለች። የጌይል ግንባር ላይ ላብ ችፍ ብሏል፤ አፏ ትንሽ ተከፍቶ በአጭር በአጭሩ ትተነፍሳለች። ሎሴ ወደ መድኃኒቱ ሳጥን ዞራ ፍሬዎቹን ማውጣት ጀመረች። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የላስቲኩ ኮሽታ ብቻ ነበር። የናኒሴ እግር፣ ንጹሕ ጥቁር ጫማቸው ውስጥ፣ ከሌሲኤሊ ጉልበት ጋር ሊነካካ ምንም አልቀረውም።

"መሰላል አይደለም፤" አለች ሌሲኤሊ።

ወለሉን እያየች ነው ያለችው። ድምፁ ስላነሰ ሎሴ "ምን አልሽ?" ብላ ዞረች።

"ዓሣ ነባሪዋ ናት። በጅራቷ ነው የመታቻት፣ ግራ ጎኗን፣ በሙሉ ኃይሏ። መሰላል አልነካትም። ትከሻዋንም ምንም አልነካትም።"

ሎሴ የያዘችውን ፍሬ መልሳ ሳጥኑ ውስጥ ጣለችው። ሁለት እጇን ጌይል ሆድ ላይ፣ ከጎድን አጥንቷ በታች፣ አድርጋ ተጫነች። ጌይል ጮኸች። ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ድምፅ አውጥታ የጮኸችው። ሎሴ በሩን ከፍታ "ዶክተር! ሆዷ ውስጥ ሳይደማ አልቀረም!" እያለች በመተላለፊያው ሮጠች።

ዋረን ከግድግዳው ተላቀቀ። "ምን አለቻት?" ብሎ ናኒሴን ጠየቃቸው። "ምንድነው የነገረቻት?"

ናኒሴ እግራቸውን ቀስ ብለው ወደ ወንበሩ ስር ሰበሰቡ።

"ሌሲኤሊ፤" አሉ።

"አቤት፣ አክስቴ።"

"ምን እንዳደረግሽ ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ። የእናቲቱ ጅራት እረፍት አጥቶ ሲወዛወዝ እያየሁ ግቡ ያልኳቸው እኔ ነኝ። እሱንም እናገራለሁ።"

ሐኪሙ ገባ፤ ከኋላው አልጋ የሚገፉ ሁለት ሰዎች መጡ። ጌይልን አንሥተው ሲያስተኟት እጇ አየር ላይ የሆነ ነገር ፈለገ። ዋረን ካሜራውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው እስኪያዛውር አልጋው በሩን አለፈ። ተከትሎ ሮጠ።

ናኒሴ ተነሡ። የወገባቸውን ምንጣፍ አስተካከሉ፤ ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው።

"ተነሺ፤ ቤት እንሂድ፤" አሉ። "ልጅሽ እኔ ጋ ናት። እራት አልበላችም።"

ቁጣ አልነበረበትም፤ ሌሲኤሊን የከበዳት ይኸው ነው። በሩ ክፍት ነው፤ መኪናው ደጅ ቆሟል፤ ተነሥታ ብትከተላቸው ሌላ ቃል ሳይነጋገሩ እንደሚሄዱ፣ ነገ ቤተ ክርስቲያን አብረው እንደሚቀመጡ ታውቃለች።

"እርስዎ ይሂዱ፣ አክስቴ፤" አለች፣ አሁንም ዓይኗን ዝቅ አድርጋ። "ከቢሮው ሰው እንዲጠሩ ለሎሴ እነግራታለሁ። እስኪመጡ እዚሁ እቆያለሁ።"

ናኒሴ ለአፍታ በላይዋ ቆሙ። ከዚያ ወጡ። የጫማቸው ድምፅ በመተላለፊያው ርቆ ርቆ ጠፋ፤ ደጅ የመኪና በር ተዘጋ።

ሌሲኤሊ አልተነሣችም። አክስቷ የተቀመጡበት ወንበር አጠገቧ ባዶውን ነበር። እሷ ግን እግሯን እንዳጠፈች፣ ከልብሷ የሚንጠባጠበው የባሕር ውኃ ዙሪያዋን ሲያረጥበው፣ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች።